አርባ ሁለት ቅጠል

እትዬ ሥርዓት ሰው የምትፈራ ሴት አልነበረችም። እሷ የምትፈራው እስክሪብቶ ነበር። በምትሠራበት ቤተ መዛግብት የንባብ ክፍል ውስጥ እስክሪብቶ የያዘ ሰው ካየች፣ ባለሥልጣን ይሁን ተማሪ አትልም፣ ነጥቃ መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፍበትና እርሳስ ታስጨብጠዋለች። ስሟ ሌላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሥርዓቱ እንዲህ አይልም» ስትል ስለኖረች ባልደረቦቿ ናቸው ይህን ያወጡላት፤ እሷም አልጠላችውም። ጡረተኛ ባሏ እንኳ «እቤታችን የማንኪያ መሳቢያ የሚከፈተው በማመልከቻ ነው» እያለ ለጎረቤት ያወራል።

እንግዲህ ይህችን የመሰለች ሴት ናት ማክሰኞ ጠዋት ብርክ የያዛት።

ነገሩ ሲጀመር ምንም አልነበረውም። ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ ገባ። ቀጠን ያለ፣ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ነጭ ሸሚዙ በወጉ ተተኩሶ የእጅጌው መስመር ቀጥ ያለ። የአንባቢ መመዝገቢያ ቅጽ ሰጠችው። ሰው ሁሉ ግማሹን ሞልቶ የሚተወውን ቅጽ እሱ አንድ ቦታ ሳያስቀር ሞላው፤ ፊርማውንም በረጅሙ ጎትቶ ፈረመ። «የድሮ ሹም መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለውን አንባቢ ያብዛልኝ» አለች በሆዷ። ሰውየው ዝርዝር መዝገቡን ገልጦ በትንሽ ማስታወሻ ደብተር ላይ በእርሳስ ሲገለብጥ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ከዚያ የማዘዣ ወረቀት ሞልቶ አመጣላት፦ የሟቹ ጠበቃ የግል ወረቀቶች፣ ሳጥን ሰባት፣ ፋይል ሦስት።

«ነገ በዚሁ ሰዓት ይቀርብልዎታል» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። እኔ አልቸኩልም። ሃያ ዓመት የታገሠ ሰው አንድ ቀን አያቅተውም» ብሎ ፈገግ አለና ወጣ።

ቅጹን ወደ ቦታው ልትመልስ ስትል ስሙን አነበበች። ክው አለች። ያንን ስም ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት በገዛ እጇ ዝርዝሩ ላይ ጽፋዋለች፦ ሳጥን ሰባት፣ ፋይል ሦስት፣ በእገሌ ላይ የተመሠረተ ክስ።

ጠበቃው ማን እንደነበረ ሳልነግራችሁ ብቀጥል ነገሩ አይገባችሁም። ሲጀምር ለድሃ በነጻ የሚቆም ጠበቃ ነበር፤ ቀጥሎ መንግሥት ዐቃቤ ሕግ አደረገው፤ በመጨረሻም የከተማውን የውኃ መሥሪያ ቤት ሲመራ ቆይቶ ጡረታ ወጣ። ሕዝቡ ግን እስኪሞት ድረስ «ጠበቃው» ነበር የሚለው። ሲሞት ሴት ልጁ ወረቀቱን ሁሉ በሃያ ሁለት ካርቶን አስጭና አመጣችው። «አባዬ ወረቀት አይጥልም ነበር፤ ቤቱን ለወረቀቱ ለቀን እኛ ልንከራይ ምንም አልቀረን» ብላ ስቃ ሄደች። እውነቷን ነው። የቧንቧ ካርታ፣ የፍርድ ቤት ማስታወሻ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ውጤት፣ የሠላሳ ዓመት የመብራት ደረሰኝ፣ ምኑ ቅጡ!

በዚህ ሥራ ከሁሉ በፊት የሚከበር አንድ ሕግ አለ። ሟቹ ወረቀቱን እንደምን አድርጎ እንደተወው እንዲያው ይቀመጣል። የተዘበራረቀ ቢመስልም አይነካም፤ ባለቤቱ ለምን እንደዚያ እንዳደረገው አንተ አታውቅምና። ይህን ለአዲስ ሠራተኛ ጣቷን እየቀሰረች የምታስተምረው ማን ይመስላችኋል? እሷው ናት።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ካርቶኖቹን ስታደራጅ ከመብራት ደረሰኞቹ መሀል አንድ የታጠፈ ወረቀት አገኘች። በጠበቃው እጅ ጽሑፍ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ተጽፏል፤ በየቁጥሩ ትይዩ ስም፣ ሥራ፣ ሰፈር። ብልጥ ናትና ወዲያው ገባት። ሳጥን ሰባት ውስጥ ባለው ክስ ስድስት ሰዎች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው መስክረዋል፤ የክሱ ወረቀት ሁሉ «ምስክር ቁጥር አንድ፣ ምስክር ቁጥር አራት» እያለ ነው የሚሄደው። ስማቸው ይኸው! «ምስኪን፣ ተሳስቶ ከደረሰኝ ጋር ቀላቅሎታል» አለችና ወስዳ ከክሱ ፋይል ውስጥ አስገባችው። በእነሱ ቤት እያንዳንዱ ወረቀት ቅጠል ይባላል፣ በእርሳስም ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህኛው አሥራ ሰባተኛ ቅጠል ሆነ። ዝርዝር መዝገቡ ላይም በኩራት ጻፈች፦ «የምስክሮች ስም ከነቁጥራቸው ይገኝበታል። 42 ቅጠል።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጠበቃው ሞኝ አልነበረም፤ ወረቀት መጣል ግን አልሆነለትም። ስለዚህ ማንም ነፍስ ያለው ሰው የማይፈልገው ቦታ ደበቀው፣ የመብራት ደረሰኝ መሀል። እሷ ናት ጎትታ ያወጣችው። ማክሰኞ ጠዋት ይኼ ሲገባት ወሽመጧ ቁርጥ አለ።

ወደ መደርደሪያው ሮጣ ፋይሉን ከፈተች። ሰውየው የአንድ ማጎሪያ ሹም ነበር። አራት እስረኞች እጁ ላይ ሞቱ፤ እሱ ግን «ተፈተው ሄደዋል» ብሎ ፈርሞባቸዋል። እሱን የጣለው የቁጥር አራት ቃል ነው። «አራት ሸሚዝ አጠብኩ» ብላለች ምስክሯ። «ደሙ በሦስት ውኃ አልለቀቀም። ተፈተው ሄዱ ስትሉኝ፣ ራቁታቸውን ነው የሄዱት?» ማጎሪያው ብዙ ልብስ አጣቢዎች ነበሩት፤ የትኛዋ እንደሆነች ቃሉ አይናገርም። ሃያ አምስት ዓመት ተፈረደበት። አሥራ ስምንቱን ታስሮ በአመክሮ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የፋይሉ የመጨረሻ ቅጠል የአመክሮው ውሳኔ ነው፤ ጠበቃው ጡረታ ላይ ሆኖ ተሟግቶ ያስገባው አንድ መስመር አለበት፦ ምስክሮቹን ቢፈልግ ወይም ቢያስፈራራ የቀረውን ሰባት ዓመት ተመልሶ ይታሰራል።

የስሞቹን ወረቀት ገለጠች። በአምስቱ ስም ጎን ጠበቃው በተለያየ ቀለም «ሞቷል፣ ሞታለች» እያለ ምልክት አድርጓል። ያልተነካው አንድ ስም ብቻ ነበር። ቁጥር አራት፣ ልብስ አጣቢ፣ ከድልድዩ በታች።

ኃላፊዋ ዘንድ ሄደች።

«ሰውየው ምን አደረገ?» አላት ኃላፊው።

«ሳጥን አዘዘ።»

«ሌላስ?»

«ፈረመ።»

«ሳጥን ማዘዝ ወንጀል ከሆነማ ሁላችንም ዘብጥያ እንውረድ! አንባቢ አይከለከልም፣ እትዬ ሥርዓት። ይህን ያስተማርሽኝ ራስሽ ነሽ።»

ወረቀቱን ከቦታው እንዳነሳችው ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ እፍረት ያዛትና ዘጋችው። ደግሞስ ዐቃቤ ሕግ ጋ ብትሄድ ምን ልትል ነው? አነበበ ልትል? ምሳ ሰዓት ላይ አሥራ ሰባተኛዋን ቅጠል ከፋይሉ አወጣች፣ አራት ቦታ አጠፈች፣ ጡቷ ስር ሸጎጠች። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ቦርሳዋን በረበረ። እሷ ራሷ ናት «እኔንም ቢሆን ፈትሽ» ብላ ያስለመደችው። «ሥርዓት ነው እንግዲህ፣ እትዬ» ብሎ ሳቀ። እሷ መሳቅ አቃታት።

ከድልድዩ በታች ያለው ቤት አንድ ክፍል ነው፤ በእንፋሎት ታፍኗል። ትልቅ በርሜል ውስጥ አንሶላ ይፈላል። ስድሳን ያለፈች፣ ክንደ ፈርጣማ ሴት ካውያ ትገፋለች። እትዬ ሥርዓት ሰላም ልትል ስትል ዓይኗ ገመዱ ላይ አረፈ። አምስት ነጭ ሸሚዝ፣ የእጅጌው መስመር ቀጥ ያለ። ስድስተኛው ካውያው ስር ነበር።

«ይሄ... የማን ነው?»

«ምን አገባሽ! ልብስ ይዘሽ እንደሆነ አስቀምጪ፣ ለዓርብ ነው የሚደርሰው።»

«እናቴ፣ ቁጥር አራት እርስዎ ነዎት?»

ካውያው ባለበት ቀረ። ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው ሴትዮዋ ያነሳችው። ሄዳ በሩን ዘጋች።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» አለችና እትዬ ሥርዓት ነገሩን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው።

ልብስ አጣቢዋ የተደፋ ገንዳ ላይ ቁጭ አለች። «ከተፈታ ጀምሮ በየሳምንቱ ይመጣል» አለች። «ስድስት ሸሚዝ ያመጣል፣ ስድስት ይወስዳል። እዚያ በር ላይ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና ‹ከዚያ ሁሉ ሰው ያልከዳሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ የሸጡኝን ሳገኛቸው መጀመሪያ ላንቺ ነው የምነግርሽ› ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ! አላጥብም ብል ለምን ይላል። ብሄድም ለምን ይላል። የእነዚያን የአራቱን ባጠብኩበት እጄ የእሱን አጥባለሁ፣ ልጄ። ሳጥብ ይንቀጠቀጥብኛል፤ እሱ ፊት ግን ቀጥ አደርገዋለሁ።»

«ይሽሹ፣ እባክዎን!»

«ከሸሸሁማ ‹እኔ ነኝ› አልኩት ማለት አይደል? ወረቀቱ የታለ?»

ሰጠቻት። ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም፤ አገላብጣ አየችው። «ይሄ ብጣሽ ነው ሆዴን ሲበላኝ የኖረው?» አለችና የፈላው ውኃ ውስጥ ጣለችው፤ በማማሰያ እንጨቷ ወደ ታች ደፈቀችው። የወረቀት ጥግ ሲታጠፍ ራሷን የሚያማት እትዬ ሥርዓት ቀለሙ ሲለቅ እያየች «እሰይ» አለች፤ በራሷም ደነገጠች።

ልትወጣ ስትል ሴትዮዋ ክንዷን ያዘቻት። «የባሰ ቀን ከመጣ የምሄድበት አለኝ፤ የወንድሜ ልጅ...»

«አይንገሩኝ! እባክዎን እናቴ፣ አይንገሩኝ!»

«አንድ ሰውማ ማወቅ አለበት። ብሞት ማን ይነግርልኛል?» አለችና የከተማውን ስም በጆሮዋ ሹክ አለቻት።

በማግስቱ እትዬ ሥርዓት አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ገባች። አሥራ ሰባተኛዋ ቅጠል ከሌለች ቁጥሩ ከአሥራ ስድስት ዘሎ አሥራ ስምንት ይገባል። ስለዚህ የሃያ አምስት ቅጠል ቁጥር በላጲስ እየፈቀቀች፣ እንደገና እየጻፈች፣ እጇ እስኪዝል ሠራች። መዝገቡንም ለውጣ አተመችው። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፋይሉን አቀረበችለት።

ሰውየው ጣቱን በምራቁ እያራሰ ገለጠ። አንዱ ቅጠል ላይ ቆመ፤ ጎንበስ ብሎ እፍ አለ። የላጲሱ ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ በነነ። እትዬ ሥርዓት ላጲሷን መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ሰውየው እስከ መጨረሻው ቆጠረና ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ወደ እሷ መጣ።

«ትናንት ከመዝገብዎ የገለበጥኩት አርባ ሁለት ቅጠል ይላል፤ የስም ዝርዝር አለበት ይላል። ዛሬ ፋይሉም አርባ አንድ ነው፣ መዝገቡም አርባ አንድ ይላል። የስም ዝርዝርም የለበት።»

«ስህተት ነበር። አርሜዋለሁ።»

«ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አለ በለስላሳ ድምፁ። «ግድ የለም። የቀሩትን ሳጥኖች ተራ በተራ አነባቸዋለሁ። እኔ አልቸኩልም ብዬዎት የለ?»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጣ። አነበበ ከማለት አየ ማለት ይሻላል፤ ወረቀቱን እየገለጠ የሚያየው እሷን ነበር። ባሏ «ምን ሆነሻል? ትናንት ማንኪያ ያለ ቦታው አስቀምጬ ዝም አልሽኝ!» ብሎ ተጨነቀ። እሷ በየጠዋቱ በሩ ሲከፈት ፊቱን አታይም፤ ሸሚዙን ነው የምታየው። ሸሚዙ ከተተኮሰ ሴትዮዋ ቤቷ ናት፣ ምንም አልሆነችም። እንደዚያ እያለች ቀን ትገፋለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ሰውየው የተጨማደደ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

ወደ መቀመጫው አልሄደም። በቀጥታ መጥቶ ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ልብስ አጣቢዬ ጠፋች» አለ። «ባለፈው ሳምንት ጨዋታ አንስቼ ‹አንዲት ወረቀት ደብቀውብኛል› ብያት ነበር። ቅዳሜ ብሄድ ቤቱ ተዘግቷል። ስድስቱን ሸሚዜን ውኃ ውስጥ እንደተዘፈዘፈ ጥላው ሄዳለች። የማትናገር፣ የማትሰማ እንጨት ናት ብዬ የማምናት ሴት! ታዲያ ትናንት ቁጭ ብዬ ሳስብ ዋልኩ። ምን አሸሻት? ማን አስጠነቀቃት? ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ።»

አንቺ አላት። እስከዚያች ቀን ድረስ እርስዎ ነበር የሚላት።

ከጠረጴዛው ላይ አንድ የማዘዣ ወረቀት አነሳ፤ «የሚፈለገው ሰነድ» በሚለው ቦታ ላይ በእርሳስ ጻፈና ወደ እሷ ገፋው። ልብስ አጣቢዋ ያለችበት ቦታ፣ ይላል።

«ማታ ማታ ማዘዣዎቹን ቀድደሽ ቅርጫት ውስጥ ስትጥዪ አይቻለሁ» አለ። «ይቺንም ትቀጂያታለሽ። እኔ ግን መልሱን እስክታመጪ በየቀኑ አንድ አንድ እሞላለሁ። ባልሽ ዳቦ የሚገዛው ከታችኛው መንገድ ነው አይደል? ጠዋት ጠዋት፣ ብቻውን።»

የከተማው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። መናገር ይቀላታል፤ አንድ ቃል ተናግራ መገላገል። ጥርሷን ነከሰች። ወረቀቱን አየችው። ከታች በኩል ሁለት መስመር ባዶ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ አስባበት ይሁን ሃያ ስድስት ዓመት የለመደ አፏ በራሱ ተናግሮ ይሁን፣ እሷም እስከዛሬ አታውቀውም።

«ስምና ፊርማ ይቀራል» አለችው።

«ምን?»

«ያልተፈረመ ማዘዣ አንቀበልም። ሥርዓት ነው።»

ሰውየው ዓይኑን አፈጠጠባት፤ ከዚያ ከልቡ ሳቀ። «አይ አንቺ! በዚህ ሰዓትም?» አለና እርሳሱን አነሳ።

«ፊርማ በእርሳስ አይሆንም።» መሳቢያዋን ከፍታ ከሰው ከነጠቀቻቸው እስክሪብቶዎች አንዱን አወጣችና ሰጠችው።

ቅጽ የሚወድ ሰው አይደል? ስሙን በሙሉ ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ያንን ረጅም ፊርማውን ጎትቶ ፈረመ። እሷ «የለም» የሚለውን ማኅተም አንስታ መታችበት። ማኅተሙ ተጣሞ አረፈ።

«ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

አልቀደደችውም። አዲስ ፋይል አውጥታ ከተተችው፤ ሽፋኑ ላይ «1 ቅጠል» ብላ ጻፈች። ከሳጥን ሰባት «ምስክሮቹን ቢፈልግ» የሚለውን የአመክሮ ውሳኔ ቅጂ አነሳችና አብራ ጨመረችው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የንባብ ክፍሉን ቆልፋ ወደ በሩ ወረደች። በሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ዘበኛው ቦርሳዋን ከፈተ። «እትዬ፣ ሰነድ ይዘው ሊወጡ?»

«አንድ ማዘዣና አንድ ቅጂ። መዝግብ። ወዴት የሚለው ላይ ‹ዐቃቤ ሕግ ቢሮ› ብለህ ጻፍ።»

እየጻፈ ሳለ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ የተጨማደደ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሽማግሌ ቆሞ በሩን ይመለከታል። የቸኮለ አይመስልም።

«አብረኸኝ ና» አለችው ዘበኛውን።

«በሥራ ሰዓት በሩን ጥዬ? እትዬ፣ ሥርዓቱ እኮ...»

«ሥርዓቱን ተወው፣ ወንድሜ። ፈርቻለሁ።»

ዘበኛው ፊቷን አየና ቁልፉን አወጣ።